ሪከርድ ተበላሽቶ ኢንሹራንስ ሲወደድ፦ ለቨርጂኒያ፣ ለሜሪላንድና ለዲሲ ሾፌሮች የንጽጽር መመሪያ

በዋሽንግተን ዙሪያ የሚነዳ ሰው ጠጥቶ በማሽከርከር ሲፈረድበት፣ ኢንሹራንሱ ሲቋረጥበት ወይም በአንድ ዓመት ሁለት አደጋ ሲያደርስ ወዲያው የሚጠይቀው «በወር ስንት ይመጣብኛል?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ሦስተኛ መምጣት አለበት። መጀመሪያ ስቴቱ የሚፈልገው ወረቀት ምን እንደሆነ ይታወቃል፤ ቀጥሎ ያንን ወረቀት የሚልክ ኩባንያ ይፈለጋል፤ ዋጋ የሚወዳደረው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ሰው ርካሽ ፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውል) ገዝቶ፣ ገንዘቡንም ከፍሎ፣ መንጃ ፈቃዱ ግን እንደታገደ ይቀራል።

ኩባንያዎች «ሃይ ሪስክ» (ስጋቱ ከፍ ያለ) ብለው የሚመድቡት ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በዲዩአይ (ጠጥቶ በማሽከርከር) የተፈረደበት፣ በሪክለስ (በአደገኛ አነዳድ) የተቀጣ፣ ኢንሹራንስ ሳይኖረው የተያዘ፣ ክፍያ አቋርጦ ለወራት የቆየ፣ ጥፋተኛ የሆነባቸው አደጋዎች የተደራረቡበት፣ እያንዳንዱ የተለየ መንገድ አለው። ከአገር ቤት በቅርቡ የመጣ ሰው ደግሞ ምንም ሳያጠፋ ዋጋው ከነዚህ ጋር ይቀራረባል። አዲስ አበባ ላይ ሃያ ዓመት ነድቶ ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ ኩባንያዎች ግን መቁጠር የሚጀምሩት የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ካወጣበት ቀን ነው። ይህ ሰው ለስቴቱ የሚላክ ምንም ልዩ ወረቀት አያስፈልገውም። የሚያዋጣው የውጭ አገር ልምድ የሚቀበል ኩባንያ መፈለግ፣ አገር ቤት ኢንሹራንስ ከነበረው ያለ አደጋ የቆየባቸውን ዓመታት የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ማስመጣት፣ ወይም አብሮት በሚኖር የቤተሰብ አባል ፖሊሲ ላይ በስሙ መመዝገብ ነው። ደብዳቤውን ሁሉም ኩባንያ አይቀበልም፤ ስለዚህ ከማስመጣትዎ በፊት ይጠይቁ።

ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት ሁለት ወረቀት ያውጡ

አንደኛው መንጃ ፈቃድና ታርጋ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ከዲኤምቪ ወይም ከሜሪላንድ ኤምቪኤ፣ የሚወጣው የመንጃ ሪከርድ ነው። ሁለተኛው «ክሉ» የሚባለው፣ ሌክሲስኔክሲስ የተባለው ድርጅት የሚይዘው የክሌይም (ለኢንሹራንስ የቀረበ የካሣ ጥያቄ) ታሪክ ነው። እስከ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ የከፈቱትን ክሌይም ይዘረዝራል፤ በፌዴራል ሕግ መሠረት በዓመት አንድ ጊዜ በነፃ ማግኘት ይችላሉ። ኩባንያው ዋጋ የሚሰጥዎ እርስዎ የነገሩትን ሰምቶ ብቻ አይደለም፤ እነዚህን ሁለቱን አይቶ ነው። በስልክ ዝቅ ያለ ዋጋ ተነግሮዎት ከፈረሙ በኋላ የሚጨምረውም አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ነው።

ሲያነቡ ሦስት ነገር ይፈትሹ። ጥፋተኛ ያልሆኑበት አደጋ በእርስዎ ጥፋት ተጽፎ እንደሆነ፤ ምንም ሳይከፈልበት የተዘጋ ክሌይም እንደተከፈለ ሆኖ እንደሆነ፤ ስምዎም አንድ ዓይነት ተጽፎ እንደሆነ። የስሙን ነገር አቅልለው አይዩት። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሁለትና ሦስት ዓይነት ይጻፋል፤ የአባትና የአያት ስምም ቦታ ይቀያየራል። ኢንሹራንሱ ለዲኤምቪ የሚልከው ማረጋገጫ ላይ ያለው ስም፣ የትውልድ ቀንና የመንጃ ፈቃድ ቁጥር ከዲኤምቪ መዝገብ ጋር ካልገጠመ ማረጋገጫው ፋይልዎ ላይ ሳይያያዝ ሊቀር ይችላል። ለኤጀንቱ ስምዎን በቃል አይንገሩት፤ መንጃ ፈቃዱን ፎቶ አንስተው ይላኩለት።

ሦስቱ ቦታዎች የሚጠይቁት

ቨርጂኒያ ከሦስቱ ጠንካራው ነው። ቀድሞ 500 ዶላር ለዲኤምቪ ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻል ነበር፤ ይህ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ቀርቷል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ወዲህ የሚጀምር ወይም የሚታደስ ፖሊሲ ዝቅተኛው ላያቢሊቲ (በሌላው ላይ ለሚያደርሱት ጉዳት የሚከፍለው ሽፋን) 50/100/25 ነው። ይህ ማለት ለአንድ ሰው የአካል ጉዳት እስከ 50,000 ዶላር፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱ ሰዎች በጠቅላላው እስከ 100,000፣ ለተሰበረ ንብረት እስከ 25,000 ማለት ነው። የድሮው 30/60/20 ነበር። የጎረቤትዎን የ2023 ዋጋ ከእርስዎ ጋር ማነጻጸር የማይሠራበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ ኢንሹራንስ ሳይኖርዎ ከተያዙ 600 ዶላር ቅጣት አለ፤ በዚያ ላይ ኢንሹራንስዎ ኤስአር 22 የተባለውን ማረጋገጫ ለሦስት ዓመት እንዲያስገባ ይጠየቃል። ኤስአር 22 ራሱ ኢንሹራንስ አይደለም። ኩባንያው ለዲኤምቪ «ይህ ሰው ኢንሹራንስ አለው፤ ካቋረጠ አሳውቃለሁ» ብሎ የሚልከው ቃል ነው። የመላኪያ ክፍያው በአብዛኛው ከ15 እስከ 50 ዶላር ነው። ሰው ኤስአር 22 ተወደደብኝ ሲል የተወደደው ወረቀቱ አይደለም፤ ወረቀቱን ያስጠየቀው ጥፋት ነው።

በዲዩአይ ከተፈረደብዎ ግን ኤስአር 22 አይበቃም፤ የሚጠየቀው ኤፍአር 44 ነው። ከቨርጂኒያ ሌላ ይህን የሚጠቀመው ፍሎሪዳ ብቻ ነው። ልዩነቱ የላያቢሊቲው መጠን እጥፍ መሆኑ ነው፤ አሁን ባለው ሕግ 100/200/50። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኤጀንቱን «ኤስአር 22 እፈልጋለሁ» ይለዋል፤ ኤጀንቱም የተጠየቀውን በዝቅተኛው መጠን ይሠራለታል፤ ዲኤምቪ ግን አይቀበለውም። ከፍርድ ቤት ወይም ከዲኤምቪ የመጣውን ደብዳቤ ይዘው ይሂዱ፤ የወረቀቱ ስም እዚያ ላይ ተጽፏል።

ሪክለስ ደግሞ ሌላ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይል ማለፍ ወይም ከ85 ማይል በላይ መንዳት እንደ ተራ ቲኬት አይታይም፤ የወንጀል ክስ ነው። 6 ነጥብ ያስቀንሳል፣ በዲኤምቪ ሪከርድም 11 ዓመት ይቆያል። ኢንሹራንሶች ዋጋ ሲያወጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከቱት ከ3 እስከ 5 ዓመት ወደ ኋላ ስለሆነ 11 ዓመቱን ሙሉ በውድ ይከፍላሉ ማለት አይደለም። ሪክለስ ብቻውን ኤፍአር 44 አያስጠይቅም። ስለዚህ በዲዩአይ ተከሰው ገና ፍርድ ያላገኙ ከሆነ ጠበቃዎን ሲያማክሩ ቅጣቱን ብቻ አይጠይቁ፤ እያንዳንዱ ፍርድ ኢንሹራንሱ ላይ የሚያመጣውንም ይጠይቁ። የሦስት ዓመት የኢንሹራንስ ልዩነት ከፍርድ ቤቱ ቅጣት በብዙ ሊበልጥ ይችላል።

ሜሪላንድ ኤስአር 22 አይጠይቅም። ዝቅተኛው መጠን 30/60/15 ነው። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ቢገጭዎ የሚከፍለው ሽፋንም ግዴታ ነው፤ ፒአይፒ የሚባለው የሕክምና ሽፋን ቢያንስ 2,500 ዶላር ሲሆን በጽሑፍ ሊቀነስ ይችላል። ኤምቪኤ ማረጋገጫ ሲፈልግ የሚጠይቀው ኤፍአር 19 ነው፤ ኩባንያው በቀጥታ ይልከዋል። ሜሪላንድ የምትከብደው ክፍያ ሲቋረጥ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት የተቆረጠ ቅጣት አለ፤ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ቀን 7 ዶላር ይጨምራል። መኪናው ቆሞ ነበር ማለት አያድንም። ታርጋው እርስዎ ጋ እስካለ ድረስ ኢንሹራንስ መኖር አለበት።

ዲሲ በዝቅተኛው መጠን ቀላሉ ነው፤ 25/50/10፣ ከዚያ ጋር ኢንሹራንስ በሌለው ሰው ለሚደርስ ጉዳት ሽፋን። የማቋረጥ ቅጣቱ ግን እንደ ሜሪላንድ በቀን የሚቆጠር ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት 150 ዶላር፣ ከዚያ በቀን 7 ዶላር እያለ እስከ 2,500 ይደርሳል።

አድራሻን በተመለከተ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ዲሲ እየኖሩ በአሌክሳንድሪያ ዘመድ አድራሻ ኢንሹራንስ መግዛት በማኅበረሰባችን የተለመደ ነው። ዋጋው ይቀንስ ይሆናል። አደጋ ሲደርስ ግን መርማሪው መጀመሪያ የሚያጣራው መኪናው ማታ የሚያድርበትን ነው። የሐሰት አድራሻ ከተገኘ ኩባንያው ክሌይሙን ሊከለክል፣ ፖሊሲውንም ከመጀመሪያው እንዳልነበረ ሊቆጥር ይችላል። ሪከርዱ የተበላሸ ሰው በዚያ ላይ «አጭበርብሯል» የሚል ከተጨመረበት የሚወስደው ኩባንያ ያጣል።

ማን ይወስድዎታል?

አሁን ያሉበት ኩባንያ የመጀመሪያው ምርጫ ነው፤ ግን የመጨረሻው አይደለም። እንደ ጋይኮ፣ ፕሮግሬሲቭና ስቴት ፋርም ያሉት ትልልቅ ኩባንያዎች ብዙ ጊዜ ነባር ደንበኛቸውን በአንድ ጥፋት አያባርሩም፤ ዋጋ ይጨምራሉ። ቤትዎንም ሌላ መኪናዎንም እዚያው ካስመዘገቡ ቅናሹ ስላለ ጭማሪው ቢከብድም ከሌላው ሊሻል ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ እንደ ዘ ጄኔራል፣ ዴሪላንድና ብሪስቶል ዌስት ያሉ፣ ሌላው የማይወስደውን ሾፌር የሚወስዱ ኩባንያዎች ናቸው። ጥቅማቸው ወረቀቱን ፈጥነው መላካቸውና ቅድመ ክፍያቸው ዝቅ ማለቱ ነው። ጉዳታቸው የወር ክፍያ ላይ የሚጨመረው የአገልግሎት ክፍያ፣ ቀን ሲያልፍ ያለው ትዕግሥት አጭር መሆንና አንዳንዴ ሽፋኑ የጠበበ መሆኑ ነው። ለእነዚህ የብዙ ኩባንያ ፖሊሲ የሚሸጥ ገለልተኛ ኤጀንት ይሻላል፤ የአንድ ኩባንያ ብቻ ኤጀንት የሚያሳይዎ የራሱን ዋጋ ነው።

ሁሉም እምቢ ካለ ሦስተኛው በር አለ። ሜሪላንድ ውስጥ በ1972 የተቋቋመው፣ አሁን ሜሪላንድ ኦቶ የሚባለው የስቴቱ ኢንሹራንስ አለ። ሁለት ኩባንያ እምቢ ካለዎ ወይም አንዱ ፖሊሲዎን ከሰረዘ ወይም አላድስም ካለ መግባት ይችላሉ። ቨርጂኒያና ዲሲ ደግሞ ማንም ያልወሰደውን ሾፌር ለኩባንያዎች የሚያከፋፍል ፕላን አላቸው፤ በኤጀንት በኩል ይገባል። ይህ በር ርካሽ አይደለም፤ ነገር ግን ያለ ኢንሹራንስ ከመንዳት ጋር ለንጽጽር የሚቀርብ አይደለም። እንደ ማለፊያ ይያዙት፤ በየእድሳቱ ወደ ሌላው ገበያ መመለስ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። ሜሪላንድ ውስጥ ሌላም መፍትሔ አለ፦ ዋጋውን ያስወደደው ከቤተሰቡ አንድ ሰው ከሆነ፣ ኩባንያው ፖሊሲውን ከመሰረዝ ይልቅ ያንን ሰው በስም ከሽፋን ለማውጣት አማራጭ እንዲያቀርብ ሕጉ ያዛል። የወጣው ልጅ አንድ ቀን ቁልፉን ከወሰደ ግን ሽፋን የለም፤ ቁልፉን መቆጣጠር የማይችል ቤት ይህን አይምረጥ።

መኪና የሌለዎ ከሆነስ?

መኪናቸው ተሸጦ ወይም ተወርሶ መንጃ ፈቃዳቸውን ለማስመለስ ብቻ ማረጋገጫ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። ለነሱ «ነን ኦውነር» የሚባለው ፖሊሲ አብዛኛውን ጊዜ ርካሹ ነው፤ ኤስአር 22ም ኤፍአር 44ም ሊላክበት ይችላል። የሚሸፍነው አልፎ አልፎ የሰው መኪና ሲነዱ በሌላው ላይ ለሚያደርሱት ጉዳት ነው። የያዙትን መኪና ስብራት አይከፍልም። በስምዎ ያለ መኪና ወይም ቤትዎ ውስጥ ያለና ዘወትር የሚነዱት መኪና ካለ ደግሞ አይሠራም። ባለቤትዎ መኪና ካላት፣ አብራችሁም የምትኖሩ ከሆነ፣ ይህን ፖሊሲ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ በእሷ ፖሊሲ ላይ መመዝገብ ይኖርብዎታል። መኪና የገዙ ዕለትም ወደ መደበኛ ፖሊሲ መቀየርና ማረጋገጫው እንደገና እንዲላክ ማድረግ ያስፈልጋል።

ላያቢሊቲ ብቻ ወይስ ሙሉ ሽፋን?

መኪናው በብድር የተገዛ ከሆነ ምርጫ የለም፤ አበዳሪው ኮሊዥንና (መኪናዎ ሲጋጭ የሚያሠራው ሽፋን) ኮምፕሪሄንሲቭ (እንደ ስርቆትና እሳት ላለ ጉዳት) ይጠይቃል። ካቋረጡ ራሱ ገዝቶ ብድርዎ ላይ ይጭነዋል፤ እሱ ውድ ነው፣ የሚጠብቀውም የአበዳሪውን ገንዘብ እንጂ እርስዎን አይደለም።

ብድር ከሌለበት ሒሳቡን ይሥሩ። መኪናው 4,000 ዶላር የሚያወጣ ቢሆን፣ ዲዳክቲብሉ (መጀመሪያ ከኪስዎ የሚከፍሉት) 1,000 ቢሆን፣ መኪናው ሙሉ በሙሉ ቢወድም የሚያገኙት ከ3,000 አይበልጥም። ለዚያ 3,000 በዓመት 1,400 የሚያስከፍልዎ ከሆነ በሁለት ዓመት ከሽፋኑ ጋር እኩል ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል። እንዲህ ያለውን ላያቢሊቲ ብቻ አድርጎ ልዩነቱን ማስቀመጥ ይሻላል። መኪናው 12,000 የሚያወጣና ያለ እሱ ሥራ የማይሄዱ ከሆነ ግን ኮሊዥኑን አይጣሉ።

ለዚህ ምክንያት የሚሆን፣ ከብዙ ስቴቶች ይልቅ እዚህ አካባቢ የሚከብድ ሕግ አለ። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ በአደጋው ጥቂት እንኳ ጥፋት ያለበትን ሾፌር ከሌላው ወገን ካሣ እንዳያገኝ የሚከለክል ሕግ የሚከተሉ ናቸው። ሌላው ሰው በአብዛኛው ጥፋተኛ ሆኖ እርስዎ ላይ ትንሽ ጥፋት ቢገኝ የሱ ኢንሹራንስ «አልከፍልም» ሊል ይችላል። ያን ጊዜ መኪናዎን የሚያሠራልዎ የራስዎ ኮሊዥን ነው። «ሌላው ያጠፋው ይከፍላል» ብሎ መተማመን በሌላ ስቴት ሊያዋጣ ይችላል፤ እዚህ አያዋጣም።

ላያቢሊቲውን ግን ከዝቅተኛው ከፍ ቢያደርጉ እንመክራለን። በዲሲ 10,000 ዶላር የንብረት ሽፋን ዛሬ መንገድ ላይ ካሉት አብዛኞቹ መኪናዎች ዋጋ ያነሰ ነው። ቀሪው የሚጠየቀው ከእርስዎ ደመወዝና ቤት ነው። ከፍ ለማድረግ የሚጨመረው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከሚፈሩት ያነሰ ስለሆነ ሁለቱንም ዋጋ ያስወጡ።

ኡበር፣ ሊፍትና ማድረስ

የግል ፖሊሲ ገንዘብ እየተከፈለዎት ሰው ወይም ምግብ ሲያደርሱ በአብዛኛው አይሸፍንም። ኡበር ተሳፋሪ ከተቀበሉ በኋላ እስከ አንድ ሚሊዮን ዶላር ላያቢሊቲ አለው፤ አፑን ከፍተው ጥሪ በሚጠብቁበት ጊዜ ግን ሽፋኑ በጣም ያነሰ ነው፣ ለራስዎ መኪና ስብራትም አይከፍልም። ተሳፋሪ ሲኖር የመኪናዎን ስብራት የሚከፍለው እርስዎ የግል ኮሊዥን ካለዎ ብቻ ሲሆን ዲዳክቲብሉ 2,500 ዶላር ነው። ስለዚህ ለመቆጠብ ብሎ ኮሊዥኑን የሰረዘ የኡበር ሾፌር የኡበርንም አብሮ ያጣል። ራይድሼር (እንደ ኡበር ያለውን ሥራ) የሚሸፍን ተጨማሪ ውል የሚሰጥ ኩባንያ ይፈልጉ፤ ለሃይ ሪስክ የሚሸጡት ሁሉም አይሰጡትም። ሥራውን መደበቅ መፍትሔ አይሆንም፤ የአፑ መዝገብ በክሌይም ጊዜ ይጠየቃል።

ዋጋውን እንዴት ያነጻጽሩ

አንድ ወረቀት ላይ ለሁሉም ኩባንያ ተመሳሳይ ጥያቄ ይጻፉ፦ የላያቢሊቲ መጠን፣ ዲዳክቲብል፣ በቤቱ ያሉ ሾፌሮች በሙሉ፣ የዓመት ማይል፣ መኪናው የሚያድርበት አድራሻ፣ ቅድመ ክፍያ፣ የየወሩ የአገልግሎት ክፍያ፣ የማረጋገጫው መላኪያ። የሚወዳደረው የስድስት ወሩ ድምር ነው። ለስሌት ያህል፣ አንዱ ኩባንያ በ150 ዶላር ቅድመ ክፍያ ጀምሮ ለአምስት ወር በየወሩ 245 ሲደመር 8 ዶላር የአገልግሎት ክፍያ ቢያስከፍል ድምሩ 1,415 ነው። ሌላው 310 አስከፍሎ ለአምስት ወር በየወሩ 205 ሲደመር 5 ዶላር ቢል 1,360 ይሆናል። የመጀመሪያው ርካሽ የመሰለው በመግቢያው ብቻ ነው። ሙሉውን በአንዴ ሲከፍሉ ቅናሽ እንዳለም ይጠይቁ።

የክሬዲት ታሪክም ዋጋ ውስጥ ይገባል። ሜሪላንድ ውስጥ ኩባንያው አዲስ ፖሊሲ ሲሸጥ ብቻ ነው የሚጠቀምበት፤ ጭማሪውም ከ40 በመቶ አይበልጥም፤ በክሬዲት ምክንያት እምቢ ማለት ወይም ሲታደስ መጨመር አይፈቀድለትም።

ስልክዎ ላይ ተጭኖ አነዳድዎን የሚለካው ፕሮግራም ቅናሽ ያመጣል ይባላል። የሌሊት ሥራ ለሚሠራ ሰው ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል፤ አንዳንዶቹ የሌሊት ሰዓትን በስጋት ይቆጥሩታል፣ ዋጋ የሚጨምሩም አሉ። «ይጨምራል ወይስ መቀነስ ብቻ ነው?» ብለው በጽሑፍ መልስ ያግኙ።

ነገር የሚበላሸው የት ነው

አብዛኛው ሰው ሁለተኛ ጊዜ የሚታገደው አዲስ ጥፋት አጥፍቶ አይደለም። የባንክ ካርዱ ጊዜው አልፎ አውቶፔይ ሳይሠራ ይቀራል፣ ፖሊሲው ይሰረዛል፣ ኩባንያው የማቋረጫ ማስታወቂያውን ለዲኤምቪ ይልካል፣ መንጃ ፈቃዱ እንደገና ይታገዳል። ስለዚህ በሁለት ዋጋዎች መካከል ሲያመነቱ፣ ከባድ በሆነ ወርም ሳይዘገዩ ሊከፍሉት የሚችሉትን ይምረጡ። ኩባንያ ሲቀይሩ አዲሱ ማረጋገጫውን ልኮ ዲኤምቪ መቀበሉን ሳያዩ አሮጌውን አይሰርዙ፤ የጥቂት ቀን መደራረብ የሚያስወጣው ገንዘብ ትንሽ ነው።

ለክረምት ወይም ለፋሲካ አገር ቤት ሄደው ሁለት ሦስት ወር የሚቆዩ ከሆነም ኢንሹራንሱን ዝም ብለው አይሰርዙ። ሜሪላንድ ከሆኑ መጀመሪያ ታርጋውን ለኤምቪኤ ይመልሱና ደረሰኝ ይያዙ፤ ቨርጂኒያም ታርጋውን ያስረክቡ ወይም በዲኤምቪ ከሥራ ውጭ ያስደርጉት። ኤስአር 22 ወይም ኤፍአር 44 ያለበት ሰው ግን ታርጋ መመለሱ አይበቃውም፤ ማረጋገጫው ሳይቋረጥ መቀጠል አለበት። መኪናውን ከሸጡ በነን ኦውነር ይቀጥሉ። ወደ ሌላ ስቴት ሲዛወሩም ግዴታው አብሮዎት ስለሚሄድ ከመልቀቅዎ በፊት ዲኤምቪን ይጠይቁ።

ዋጋ የሚቀንሰው በዋናነት ጊዜ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የዲኤምቪን የማሻሻያ ትምህርት መውሰድ በ24 ወር አንድ ጊዜ 5 ነጥብ ይመልሳል፤ ነጥቡ ግን የዲኤምቪ ነው፣ ኢንሹራንሱ ቅናሽ መስጠቱን አስቀድመው ያጣሩ። በየስድስት ወሩ እድሳት ከመድረሱ ሦስት ሳምንት ቀደም ብለው ዋጋ ያስወጡ፤ ጥፋቱ ሦስት ዓመት ሲሞላው ደግሞ ከሁሉም ኩባንያ እንደ አዲስ ይጠይቁ፤ አሮጌው ኩባንያ ራሱ አስታውሶ አይቀንስልዎትም። ኤፍአር 44ን ከማስነሳትዎ በፊት ከቨርጂኒያ ዲኤምቪ ግዴታው የሚያበቃበትን ቀን የያዘ የኮምፕላያንስ ማጠቃለያ ያውጡ። ቀኑን ከፍርዱ ዕለት ወይም ፖሊሲ ከገዙበት ቀን ራስዎ አይቁጠሩ፤ ሁለቱም ዲኤምቪ ከሚቆጥርበት ቀን ሊለያዩ ይችላሉ።